መዳብ የለበሰች ጥይት

በቀደም ዓለሙን ቀብረን ላሊበላ ድንኳን ውስጥ ንፍሮ እየዘገንን ሳለ፣ አንድ ከፍላቂት የመጣ ለቀስተኛ «እንደ ዓለሙ ያለ ጥይት ሠሪ ላስታ ከእንግዲህ አታይም» አለ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እኔ ንፍሮዬን አኘክሁ። ሟች ይከበር። ግን አንድ ሰው እንኳ ዞር ብሎ «ሞላስ?» ሲል ስሜን አያነሳም? የቆመ ወፍጮ ያስነሳሁ፣ ዝም ያለ ሬዲዮ ያናገርሁ፣ ማንም ሳያስተምረኝ ሰዓት ፈትቼ የገጠምሁ እኔ አይደለሁም?

ነገሩ የደርግ ጊዜ ነው። ያኔ ጥይት ለሚሊሻ ካልሆነ አይገኝም። የየቤቱ መሣሪያ ግን አባት ለልጅ ያወረሰው ስለሆነ ማንም አይጥለውም። ስለዚህ እጁ የሚታዘዝለት ሰው የተተኮሰ ባዶ የጥይት ቀለህ እየለቀመ ዳግመኛ ይሞላል። አረሩን፣ ማለት ወጥታ የምትሄደዋን ፍሬ፣ እርሳስ አቅልጠን በየቤታችን እናፈሳት ነበር። ባሩዱ ከየት ይመጣ እንደነበር ዛሬም አልናገርም። በፍላቂት ዙሪያ ይህን የምንሠራ እኔና ዓለሙ ብቻ ነበርን። እኔ እበልጠው ነበር፤ የግራዝማች ሽጉጥ እስክትመጣ ድረስ።

ግራዝማች የዝናሽ አባት ናቸው። ዝናሽን ሽማግሌ ልኬ አግኝቻታለሁ፤ ቀኑም ከጥምቀት ወዲያ ተቆርጧል። በዚያ ቤት ልማድ ሙሽራው በአማቱ መሣሪያ ተኩሶ፣ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ ቅል ሳይመታ ከነሚዜዎቹ ዳስ አይገባም። የግራዝማች መሣሪያ ከጣሊያን የተማረከች ሽጉጥ ናት። ቀለሁን ራሷ ተፍታ ሌላውን ራሷ ትጎርሳለች፤ እንደ ክፉ በቅሎም ትመርጣለች። ሸለቆ ወርደን ስንሞክራት ከእኔ ጥይቶች አንዷን ተኮሰች፣ ሁለተኛዋ ጉሮሮዋ ላይ ተሰነቀረች።

ግራዝማች በጋቢያቸው ጫፍ እየወለወሏት «ልጄ፣ ይቺ ራቁቱን የመጣ እርሳስ አትወድም» አሉኝ። «ዓለሙ መዳብ አልብሶ የሠራልኝ አለ። በሠርግህ ቀን በእሱ ትተኩሳለህ።»

«በሰው ጥይትማ ሚስት አላገባም፣ ግራዝማች!»

«እንግዲያው ከዳሱ ውጭ ታድራለሃ!» ብለው ሳቁ።

ከዓለሙ ጥይቶች አንዷን መዳፌ ላይ አኖሩልኝ። ቀይ ናት። መዳቡ እርሳሱን እንደ ሽንኩርት ልባስ ሸፍኖታል፤ ስፌት የለው፣ ሽብሽብ የለው። ባታምር ኖሮ እንቅልፌን ባልነሳችኝ። ዓለሙ ራሱም ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሲስቅ ጥርሱ ፍንጭት የሆነ ሰው ነበር። ሴቶቹ ስሙን ሲጠሩ ድምፃቸው ይለሰልሳል። አልወደውም ነበር።

ገደል ከገባ የጭነት መኪና ከመዳብ የተሠራ የናፍጣ ቧንቧ ቆርጬ አመጣሁ። መዳቡን በብረት ቅርጽ ውስጥ አስገብቼ ብመታው ተሰነጠቀ። ደግሜ ብመታ እንደ ደረቀ የባቄላ ገለባ አፉን ከፈተ። ወንድሞቼ አውድማ ላይ ገብስ ያበራያሉ፣ እኔ መዶሻ አነሳለሁ። ውርጩ ጣት ይቆርጣል። በሶዬን እንኳ ቆሜ ነበር የምጨብጠው።

እናቴ «አንተ ልጅ፣ ልታገባ ነው ወይስ ልትዘምት?» ትለኛለች።

አንድ ቀን ዓለሙ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ «ሞልዬ፣ የመዶሻው ድምፅ እኛ ሰፈር ድረስ ይሰማል። ልርዳህ?» አለኝ።

«እጄ አልተቆረጠም!»

«እሺ ወንድሜ፣ አትቆጣ።»

ቢስቅብኝ ይሻለኝ ነበር።

ሠርጉ ሲቃረብ ከምንጭ ስትመለስ ዝናሽን መንገድ ላይ አገኘኋት። የታጨች ልጅ ከእጮኛዋ ጋር አትቆምም፤ እንስራዋን እንዳዘለች፣ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሳ ተናገረች።

«መዳቡን ፍም ውስጥ ክተተው። ሲቀላ አውጥተህ አቀዝቅዘው፤ ይለሰልስልሃል።»

«አንቺ ይህን ከየት አወቅሽ?»

«አያ ዓለሙ እኛ ቤት ሲሠራ እንዲያ ነው» ብላ አለፈች።

ጆሮዬ ጋለ። እነሱ ቤት? ምድጃ የሴቶች ቦታ ነው። ታዲያ ዓለሙ የማንን እሳት ሲሞቅ ነበር? እሳቱን ማን አናፋለት? ቤት ገብቼ ያለችውን አደረግሁ። መዳቡ እንደ እርጥብ ቆዳ እሺ አለኝ። ከዓለሙ የማይተናነሱ፣ እንዲያውም የሚበልጡ ጥይቶች ወጡልኝ። ግን አንዷን ባነሳሁ ቁጥር የማየው ያንን ፍንጭት ጥርስ ነበር።

የሠርጉ ዕለት የቀበሌው ሊቀመንበር ዳሱ ውስጥ ተቀምጦ «ማን ምን ተኮሰ? እኔ የማየው ጠላዬን ነው» አለ። ተኮስሁ። ጥይቷ በቅሉ አጠገብ አለፈች። ከኋላዬ ሳቅ ሰማሁ። ሽጉጧ ግን ቀለሁን ተፍታ ሌላዋን ያለ ምንም እንቅፋት ጎረሰች፤ ያ ምን ማለት እንደሆነ የገባን እኔና ዓለሙ ብቻ ነን። እንደገና ስተኩስ ቅሉ ብትንትን አለ። እልልታው ቀለጠ። መጀመሪያ መጥቶ ትከሻዬን የሳመኝ ዓለሙ ነው።

«አሳምረህ አለበስካት» አለኝ።

«ከማንም አልተማርሁ!» አልሁት።

ከዚያ ወዲህ ሁላችንም ላሊበላ ገባን፤ ልጆች ወለድን፣ አረጀን። ዓለሙ በደጃችን ባለፈ ቁጥር ዝናሽ «እንዴት ዋልህ፣ አያ ዓለሙ» ስትል ፊቷን አያለሁ። ጠይቄያት ግን አላውቅም ነበር።

ከቀብሩ ማግስት፣ ዓይኗ እንዳበጠ ምስር ስትለቅም አላስቻለኝም። «ያኔ ዓለሙን እናንተ እሳት ዳር ምን አስቀመጠው?» አልኋት።

ቀና ብላ አየችኝ። «ይህን ሁሉ ዘመን ይህን ይዘህ ነው የኖርኸው?»

«መልሽልኝ።»

«እኔ ነኝ ያሳየሁት። የእናቴ አባት መዳብ ቀጥቃጭ ነበር። ሰው ባለእጅ ብሎ እንዳይሸሸን እቤታችን አይነሳም እንጂ፣ በልጅነቴ ያየሁትን መቼ ረሳሁ? ዓለሙ የአባቴን ጥይት ሊሠራ መጥቶ መዳቡ ቢሰነጠቅበት ‹እቴ፣ ምን ይሻለኛል?› አለኝ። አሳየሁት። ለማንም አትንገር አልሁት፤ እስኪሞት አልተናገረም።»

«ለእኔ ሳትነግሪኝ ለእሱ?»

«እሱ ጠየቀኛ! አንተ ስትጠይቅ ማን ሰምቶህ ያውቃል?» ብላ ወደ ምስሯ ተመለሰች።

ወጥቼ ደጃፉ ላይ ተቀመጥሁ። ባጃጆቹ ዳገቱን እያቃሰቱ ይወጣሉ። ቅሉን የመታሁ እኔ ነኝ፤ ዝናሽንም ያገባሁ እኔ ነኝ፤ ይህን ከእኔ የሚወስድ የለም። ግን እሳት ዳር ቁጭ ብሎ «ምን ይሻለኛል?» ያላት፣ እሷም እጅጌዋን ሰብስባ ያሳየችው ያ ከሰዓት የእኔ አይደለም። ዓለሙ ይዞት ተቀበረ።