የሚዘለው ዓሣ

የአውቶቡሱ ሾፌር አስማረ የእኒያን አሮጊት ስም ጠይቆ አያውቅም። በየወሩ አንድ ቀን ከጎንደር ይሳፈሩና ከጀርባው ካለው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። የጎማ ጫማቸውን አውልቀው ከወንበሩ ሥር፣ የበሶ ስልቻቸውን ጭናቸው ላይ ያኖራሉ። አምባ ጊዮርጊስ ላይ ሰው ሁሉ እግሩን ለማፍታታት ሲወርድ እሳቸው ንቅንቅ አይሉም።

አዲ አርቃይ ሲደርሱ ለኬላው ወታደር የቀበሌውን ይለፍ ይሰጡታል። እሱም «የጉዞ ምክንያት» ከሚለው ፊት ለፊት የተጻፈውን ጮክ ብሎ ያነበዋል፦ «ምጽዋ፤ የሚዘል ዓሣ ለማየት።»

«እማማ፣ ዓሣ ከሆነ ጣና ቅርብዎ አይደል?»

«የጣናው መርከብ እየተከተለ ይዘላል?»

«ኧረ አይዘልም!»

«እንግዲያ ልጄ የጻፈልኝ እሱን አይደለም። ባሕረኛ ነው፤ ነይና አሳይሻለሁ ብሎኛል።»

ወታደሮቹ ይስቃሉ። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ግን በጦርነቱ ከተዘጋ ከርሟል፤ ሴትዮዋም በዚያው አውቶቡስ ይመለሳሉ።

አስማረ ከመኪናው አንዲት ብሎን ብትጎድል ከዓይኑ የማታመልጥ ሰው ነው። ባለፈው ሐሙስ ሲሳፈሩ የነጠላቸው ጥለት ወደ አንገታቸው ዞሯል፤ የሐዘን አለባበስ ነው። የልጃቸውን ነፍስ ይማር ሊል ወደ እሳቸው ዞረ።

«እማማ፣ መንገዱ ዛሬም ዝግ ነው» አለ።

«አውቃለሁ።» ጫማቸውን አውልቀው እንደ ወትሮው ከወንበሩ ሥር አኖሩ። ይለፉንም አውጥተው በእጃቸው ያዙ። «ዓሣዎቹ ግን እዚያው ይኖራሉ» አሉት።

አስማረ ሞተሩን አስነሳ።