መብራት ያላየው የጨፋ ወፍጮ

ንጋት፣ ደሴ

ገና ጎህ ሳይቀድ መናኸሪያ ደረስኩ። ረዳቱ «ከሚሴ! አሁን የሚወጣ!» እያለ ሲጣራ አምኜው ገባሁ። መኪናው እስኪሞላ ተቀመጥን፤ ከሞላም በኋላ እስኪትረፈረፍ ተቀመጥን። አጠገቤ ዶሮ የታቀፈች ሴት፣ ከእግሬ ሥር ጆንያ ሽንኩርት፣ ከፊቴ ደግሞ ሹፌሩ በስልክ «መንገድ ላይ ነኝ» እያለ ነው።

«መንገድ ላይ ነህ እንዴ?» አልኩት።

«እህቴ፣ መናኸሪያስ መንገድ አይደለም?» አለኝ ሳይስቅ።

ፀሐይ ከወጣች በኋላ ወጣን። ኮምቦልቻን፣ ከዚያም ሐርቡን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ የቆላው ሙቀት በመስኮት ገባ። በየኬላው እንወርዳለን፣ መታወቂያ እናሳያለን፣ እንፈተሻለን፣ እንደገና እንጠቀጠቃለን። በመጨረሻው ኬላ ላይ ዶሮዋም ተፈተሸች።

ይህን ሁሉ የምችለው በጨፋ ሮቢት አቅራቢያ ባለች መንደር ተደራጅተው ወፍጮ ያቋቋሙ ወጣት ሴቶችን አይቼ ለጋዜጣ ለመጻፍ ነው። ከሚሴ ካለው አደራጅ መሥሪያ ቤት አንድ ባለሙያ በስልክ «ሞዴል ማኅበር ነው፣ ሥራ በሥራ ናቸው» ብሎኛል።

ረፋድ፣ ከሚሴ

ይኸው ባለሙያ ስብሰባ ላይ ነው ተባልኩ። ጸሐፊዋ «ይጠብቁ» አለችኝ፤ ጠበቅኩ። ርሃብ ሲጠናብኝ ወጥቼ ሩዝ በፍየል ሥጋ በላሁ። ከአፋር በኩል የመጣ የግመል ወተት ቀረበልኝ፤ ከጠዋት ጀምሮ ያላበገነኝ ነገር እሱ ብቻ ነበር። ተመልሼ ስጠይቅ ጸሐፊዋ፣ ባለሙያው እንግዶች ለመቀበል ወደዚያችው መንደር መሄዱን ነገረችኝ።

«ቅድም ስጠይቅሽ አታውቂም ነበር?»

«አውቅ ነበር። እርስዎ ግን መቼ ይመጣል አሉኝ እንጂ የት ሊሄድ ነው አላሉኝም።»

ባጃጅ ይዤ በአቧራው መንገድ ተከተልኩት።

ቀትር፣ መንደሯ

የወፍጮ ቤቱ በቆርቆሮ የተሠራ፣ በማሽላ ማሳ የተከበበ ነው። በሩ ላይ ነጭ ጋዋን የለበሱ ሴቶች ተሰልፈዋል። ባለሙያው ከሱቅ የገዛውን የታሸገ ዱቄት ቀዶ በወፍጮው ላይ ይነሰንሳል።

«እጃችሁንም ነካ ነካ አድርጉበት» ይላቸዋል። «ለፎቶ ነው።»

አንዲት ረጅም ልጅ እጇን ከጋዋኗ ኪስ ሳታወጣ ወደኔ መጣች። «አካም ጅርታ እህቴ፣ ኮቱ፣ ነይ፣ ጥላው ሥር አረፍ በይ» አለችኝ፤ እንዲህ ነው የሚናገሩት፣ በኦሮምኛ ጀምረው በአማርኛ ይጨርሱታል። የማኅበሩ ሰብሳቢ ዘይነብ ናት። ጥላው ሥር እንደተቀመጥን ነገሩን ነገረችኝ። አሥረኛ ክፍል ላይ የቀሩ የመንደር ልጆች ሆነው በጋራ ፍየል አደለቡ። ፍየሎቹን ባቲ ወስደው ሸጠው ይህን ቤት አቆሙ። ወፍጮውን የባለሙያው መሥሪያ ቤት ሰጣቸው፤ የመብራት መስመሩ ግን እስካሁን አልተዘረጋም። ዓመት አልፎታል።

«በናፍጣ ሞተር እናስነሳው ብለን ነበር» አለች። «ወፍጮውን ከነካካችሁ እንወስደዋለን አሉን። መብራት በሚቀጥለው ሳምንት ይገባል ይሉናል፣ ሁልጊዜ በሚቀጥለው ሳምንት።»

የመንደሩ ሴቶች ዛሬም እህላቸውን ተሸክመው ሮቢት ድረስ ይሄዳሉ፤ ከሰልፍ ተርፈው ሲመለሱ ቀኑ አልቋል።

እንግዶቹ በሁለት መኪና መጡ። ተጨበጨበ፣ ፎቶ ተነሣ፣ ባለሙያው ስለ ሞዴል ማኅበሩ ተናገረ። ከእንግዶቹ መሐል ፀጉራቸው የሸበተ ሰው ወፍጮውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉና «እስቲ አስነሡት፣ ድምፁን እንስማው» አሉ።

ባለሙያው ጉሮሮውን ጠራርጎ «ዛሬ እንኳ መብራት ጠፍቶ ነው» አለ።

«ዛሬ አልጠፋም» አለች ዘይነብ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «መጥቶም አያውቅ።»

ሰውየው ባለሙያውን አዩት፤ ባለሙያው መሬት አየ። «እንከታተለዋለን» ብለው ወደ መኪናቸው ሄዱ፤ ምሳ ከሚሴ ተዘጋጅቶላቸዋል። ባለሙያው ሊገባ ሲል ወደ ዘይነብ ዞሮ «አዋረድሽኝ» አላት። አንድ ዓመት ያዋረዳቸው ማን እንደሆነ ልጠይቀው አፌን ስከፍት የመኪናው በር ተዘጋ።

ከሰዓት፣ እዚያው

አቧራው ሳይረግብ ጠቡ ተነሣ። ሉባባ የምትባለው፣ ከሁሉም ትንሿ፣ ጋዋኗን አውልቃ ወረወረችው።

«በቃ ይወስዱታል። ለምንድን ነው ዝም ያላልሽው?»

«ለዓመት ቆሞ ያፈጠጠብን ብረት ነው» አለች ዘይነብ። «ይውሰዱት።»

«አንቺ እዚሁ ቅሪ። እኔ ፓስፖርቴ ወጥቷል፣ መሄዴ ነው።»

ሉባባ ሻሿን አጥብቃ ሄደች። ዘይነብ ጆንያ ላይ ቁጭ አለች። የሉባባ እህት ጅዳ ከተማ ሰው ቤት እንደምትሠራ፣ በደወለች ቁጥር ነይ እንደምትላት ነገረችኝ። «ፍየሎቹን ስናደልብ ሌሊት የምትነሣው እሷ ነበረች» አለችና ፊቷን አዞረች። መኪና እንዳያመልጠኝ ብዬ ቦርሳዬን አነሣሁ።

ይሄን ጊዜ የጋሪ ድምፅ ሰማን። ከፊት ሉባባ፣ ከኋላ ሼህ ኑሩ የተባሉ የመንደሩ ገበሬ፣ በጋሪው ላይ ደግሞ ድሮ የመስኖ ውሃ ይስቡበት የነበረ ትልቅ የናፍጣ ሞተር።

«ያኔ ሞተሩን ስትለምኑኝ እምቢ ያልኩት መሥሪያ ቤቱን ፈርቼ ነው» አሉ ሼሁ። «ይቺ ልጅ መጥታ፣ አባ፣ አገር ለቅቄ መሄዴ ነው፣ ሳልሄድ አንዴ ሲፈጭ ልየው አለችኝ። ወላሂ አንጀቴን በላችው።»

ዘይነብ ሉባባን አየቻት። ሉባባ «አትይኝ፣ ያዢ» አለቻትና ሞተሩን አብረው ማውረድ ጀመሩ።

መካኒክ ተጠራ፤ ሞተሩን ከወፍጮው ጋር የሚያገናኘው ቺንጋ አጠረ። ባጃጅ የያዝኩት እኔ ነኝና ሮቢት ሄጄ እንዳመጣ ተላክሁ። ባለሱቁ ለከሰዓቱ፣ ለአስር ሶላት ዘግቶ ሄዷል። ጠብቄ ገዝቼ ብመለስ ረዘመ። እንደገና ሄድኩ። ደሴ ሆኜ ያሰብኩት ዘገባ ልጽፍ እንጂ ቺንጋ ላመላልስ አልነበረም፤ ይህንንም ለባጃጁ ሹፌር በሄድንም በመጣንም ቁጥር ነገርኩት። እሱ «አብሽሪ፣ አይዞሽ» እያለ ይነዳል።

ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ሞተሩ አሳለ፣ ጥቁር ጭስ ተፋ፣ ቆመ። መካኒኩ ተሳደበ፤ ሼህ ኑሩ «ቢስሚላህ በል» አሉት። ደግሞ ሞከረ። ያዘ። ቆርቆሮው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሁላችንም አንድ እርምጃ ወደኋላ አልን።

የመጀመሪያው ማሽላ አመድ መስሎ ወጣ፤ ወፍጮውን ያጽዳ ተብሎ ተደፋ። ቀጥሎ አንዲት አሮጊት ቁናቸውን ሞልተው አቀረቡ። ዱቄቱ ሲወርድ ቆንጥረው በጣቶቻቸው አሹት፣ ቀመሱት።

«ልሟል» አሉ። «አልሐምዱሊላህ።»

ሉባባ ጆንያውን እንደያዘች ትስቅና ታለቅስ ነበር። ዘይነብ ከጎኗ ቆማ የጆንያውን ሌላ ጫፍ ያዘች።

ደሴ

መኪና ስላመለጠኝ በአንድ አይሱዙ ሽንኩርት ላይ ተጭኜ ነው የገባሁት። ከሳምንት በኋላ ጠዋት ሬዲዮ ስከፍት ስለዚያች መንደር ሲወራ ሰማሁ። በእንግዶች ጉብኝትና በተደረገ ጥብቅ ክትትል የሴቶቹ ወፍጮ ሥራ ጀምሯል ተባለ። ስለ ሼህ ኑሩም ስለ ሞተሩም የለም። ሻዬን ጥዬ ወደ ዘይነብ ደወልኩ።

«ሰማሽ የሚሉትን?» ብዬ ጮኽኩ። «እናንተ በለፋችሁት!»

«ሰምተናል» አለችኝ፤ ድምፅዋ በጩኸት መሐል ይመጣል ይጠፋል። «ተዪያቸው። አሁን ሊወስዱት አይችሉም፣ በሬዲዮ ተናግረው?»

ይህን አላሰብኩትም ነበር።

«ሉባባስ? ሄደች?»

«ምን አልሽ?»

«ሉባባ!»

«ውጭ ናት፣ ሰልፍ ታስይዛለች። ከሮቢት በኩል ሳይቀር መጥተዋል።» ሌላም ነገር አለች፣ አልሰማኋትም። ደግሜ ጠየቅኳት።

«ወፍጮው ነው፣ እህቴ» አለች። «እሱ እያለ መነጋገር አይቻልም። ሞተሩን ስናጠፋ እደውልልሻለሁ።»

እስኪመሽ ጠበቅኩ። አልደወለችም።