ለሰርጉ የተቀበረው ማሽላ

ወንድሜ ከሞተ ወዲህ ሰው ስለ እሱ ሲያወራ የሚያነሣው ሰርጉን ነው። «ሳያገባ ሞተ» ይላሉ። ለምን እንዳላገባ የሚያውቁት ግን ጥቂቶች ናቸው። እኔ በቦታው ነበርሁ። ብጽፈው ይቀለኝ ይሆናል፤ አላውቅም።

ታላቄ ነበር። ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት፣ የእህል ሻጋታ ሊያጠኑ ከአዲስ አበባ ወደ ቆቦ የመጡ አንድ ተመራማሪን ይረዳ ነበር። በእኛ ቆላ ማሽላ የሚቀመጠው መሬት ውስጥ ነው። ጉድጓዱ በገለባ ይለበጣል፣ አፉ በድንጋይና በጭቃ ይደፈናል፣ ሲያስፈልግ ይከፈታል። ወንድሜ ከየገበሬው ጉድጓድ ናሙና ይሰበስብ ነበር።

አባቴም ሮቢት አጠገብ ባለው ማሳችን ጥግ አንድ ጉድጓድ ሳይነካ አቆይቶ ነበር፤ ለወንድሜ ሰርግ። የጎብዬ ከተማ ልጅ ታጭታለት ቀኑ ተቆርጧል። የቀረው ድግሱን መደገስ ብቻ ነበር።

አንድ ጠዋት ጉድጓዱን ከፈትነው። እስኪተነፍስ ጠበቅን፤ እንደተከፈተ የገባበትን ሰው የታፈነው አየር ይገድላል። የአባቴ የልጅነት ጓደኛ የሆኑት ሙስሊም ጎረቤታችን ሊያግዙን መጥተዋል። ማሽላው ሲወጣ ዝናብ ሰርጎበት ዳር ዳሩ ጠቁሯል። መካከሉ ግን ነጭ ነው። አባቴ አንዲት ፍሬ ነክሶ፣

«ደህና ነው» አለ። «ነጩ ለምግብ፣ ጥቁሩ ለጠላ።»

በአገራችን እንዲህ ነው የሚደረገው። የጠቆረ ማሽላ አይጣልም። ጌሾው ያጠራዋል ይባላል።

ወንድሜ ከነጩም ከጥቁሩም እፍኝ እፍኝ ወሰደና ተመራማሪውን አስፈቅዶ ያመጣውን የመመርመሪያ ሣጥን ከፈተ።

«ኧረ ሙሽራው ማሽላውን መርፌ ሊወጋው ነው!» አሉ ጎረቤታችን። «ወላሂ፣ ትኩሳት ይዞት ይሆናል እኮ!»

ወንድሜ ሳቀ። ማሽላውን ወቅጦ፣ በጥብጦና አጥልሎ በየብልቃጡ ጨመረ። ቀለም የሚሰጠውን ፈሳሽና አንድ ቡናማ ጠብታ አከለበት። ጠብታው ውስጥ ከዱቄት የላመ፣ ማግኔት የሚስበው ብናኝ አለ። ብናኙ የሻጋታውን መርዝ እንዲይዝ ተደርጎ የተሠራ ነው። ጥቂት ቆይቶ ብልቃጦቹን ማግኔት ካለው መደርደሪያ ላይ ሲያቆማቸው ብናኙ ጎን ላይ ሄዶ ተለጠፈ። የቀረውን ፈሳሽ ደፋ፣ አጠበ፣ ቀለሙን የሚያወጣውን የመጨረሻ ጠብታ ጨመረ። ፀሐዩ ሳይበረታ አለቀ።

ብልቃጦቹ ሦስት ናቸው። አንዱ ንጹሕነቱ ከሚታወቅ ዱቄት የተዘጋጀ ነው፤ እሱ ደማቅ ሰማያዊ ሆነ። የእኛዎቹ ሁለቱ ውኃ መስለው ቀሩ።

«እሰይ!» አለ አባቴ። «እንደ ምንጭ ውኃ! የተመረዘውስ ያንተው ዱቄት ነው፣ ልጄ።»

«አልሐምዱሊላህ! በሉ ዳሱን ጣሉ!» አሉ ጎረቤታችን።

እኔም ደስ አለኝ። ከዚያ የወንድሜን ፊት አየሁ።

«አባዬ፣ እንደሱ አይደለም» አለ። «ብናኙን እንደ ሰርግ ዳስ ቁጠረው። መርዙ ቀድሞ ገብቶ መቀመጫውን ከያዘ ቀለሙ ቦታ አጥቶ ይመለሳል። የእኛው ቀለም ያልያዘው መርዝ ስለሞላው ነው።»

«ነጩም?»

«ነጩም።»

«ጠላው ይፈላል እኮ።»

«መፍላት አያጠፋውም።»

«እኔ ይህንኑ ስበላ አይደል የኖርሁት?»

«አውቃለሁ፣ አባዬ። በአንድ ቀን አይገድልም። ጉበት ነው የሚጎዳው፤ ቀስ እያለ።»

«ለላሞቹ ይሁና።»

«በወተቱ ይመለስብናል።»

አባቴ ተነሣ። «ታዲያ ሰርግህን በምን ልደግስ? በብልቃጥህ?»

ለድግስ የሚበቃ ሌላ እህል አልነበረንም። ወንድሜ እንደገና ፈተነው። ያው ሆነ። ልጅቷን ይወዳታል። የብልቃጡን ነገር ከእሱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። አባቴ «እሰይ» ሲል አብሮ «እሰይ» ማለት ይችል ነበር። ይህን ሁልጊዜ አስባለሁ።

ጎረቤታችን አሁን አልቀለዱም። «አያ፣ እዚህ ዳስ እኮ የኔም ልጆች ይመጣሉ» አሉት አባቴን በቀስታ።

አባቴ ከጉድጓዱ አፍ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ከማሽላው እፍኝ ዘግኖ መልሶ ደፋው።

«አቃጥሉት» አለ።

ገለባ እየደረብን አቃጠልነው። ሰርጉ ለመጪው መኸር ተላለፈ። «ለማሽላ ተብሎ ሰርግ ይቀራል?» ብለው የልጅቷ ቤተሰቦች ተቀየሙ። እሷ ግን እጠብቃለሁ ብላ ላከችበት።

አዲሱ ማሽላ ገና ሳያሸት ወንድሜን ወባ ያዘው። ቆቦ ጤና ጣቢያ አደረስነው። አልተረፈም።

ልጅቷ ለቅሶ መጣች። እናቴ አንገቷን አቅፋ፣ «ያንን እህል ዝም ብለን በልተነው ቢሆን ሚስቱ ነበርሽ! ከእሱ አንድ ልጅ እንኳ ይቀርልኝ ነበር!» ስትል ቤቱ ሁሉ አለቀሰ። አባቴ አቀርቅሮ መሬት መሬቱን ያይ ነበር።

ሰዉ ሲሄድ እናቴ ጠራችኝ።

«አንተ ብትሆንስ? ዝም ትል ነበር?»

አዎ ብላት የሚቀላት መሰለኝ። አዎ ልላት አፌን ከፈትሁ።

«አልልም ነበር፣ እማዬ» አልኋት።

ትክ ብላ አየችኝ።

«ሁለታችሁንም እንዲህ አድርጌ ያሳደግኋችሁ እኔው ነኝ» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።