ግያርና ተግዪር

የያዙኝ በአንዲት ቃል ነው። ገዳሪፍ በምሠራበት ክሊኒክ ነርሶች ፈረቃ ሲለዋወጡ በሽተኛውን የሚረካከቡት ቢሮ ተቀምጠው፣ ሻይ እየጠጡ ነበር። እኔ ርክክቡ አልጋው አጠገብ፣ በሽተኛው እየሰማና እየተናገረ ይሁን ብዬ ሙጭጭ አልኩ። ለሱዳናውያኑ ባልደረቦቼ በስልክ «ከነገ ጀምሮ ተግዪር» ብዬ ላክሁ፤ ለውጥ ለማለት ነው። በዚያ ሰሞን ግን ቃሉ የሰልፈኞች መፈክር ስለነበር የጸጥታ ሰዎች ያሳድዱት ነበር።

«የምን ለውጥ?» አለ መርማሪው።

«የነርሶች ርክክብ።»

«ማን ተከተለህ?»

«ማንም። ውሃ ወቀጣ ነው የሆነብኝ።»

እውነቴን ነበር፤ አላመነኝም።

የታሰርንበት ክፍል ጣሪያው ቆርቆሮ ስለነበር ቀን ቀን ያፍናል። መቀመጥ አቃተኝ። ከግድግዳ ግድግዳ ስመላለስ አንድ የጎንደር መካኒክ «አንተ ሰው፣ አዞርኸን እኮ!» አለኝ። ቆም ስል ጥጉ ላይ የተኙትን ሽማግሌ አየሁ። ገላባት በኩል የተያዙ የማሽላ እርሻ ሠራተኛ ናቸው። ስኳር አለባቸው፤ የተረከዛቸው ቁስል መሽተት ስለጀመረ ሁሉም ሸሽቷቸዋል። እንዲሁ ከተተወ እግራቸው መቆረጡ ነው።

ጠባቂውን ግያር ለመንኩት፤ አረቦቹ የቁስል ጨርቅ መቀየርን እንዲህ ነው የሚሉት።

«ተግዪር አልበቃህም፣ ደግሞ ግያር?» ብሎ ሳቀ። ግን የፈላ ውሃ፣ ጨውና ንጹሕ ጨርቅ አመጣ።

ጠዋት ጠዋት ሳጥብ መካኒኩን በግድ አጠገቤ አስቀምጠዋለሁ።

«እኔ የማውቅ ሞተር ነው» ይላል አፍንጫውን ይዞ።

«ነገ እኔ ብወጣስ?»

መውጣት እየናፈቅሁ መውጣትን ፈራሁ።

አንድ ጠዋት ጠባቂው ስሜን ጠርቶ «ያላ፣ ውጣ!» አለ። እግሬ ወደ በሩ ቸኮለ። ሆዴ ግን እምቢ አለኝ።

«ርክክብ አለብኝ» አልኩት። ተመልሼ ጨርቁን ፈታሁ። «አባቴ፣ እርስዎ ራስዎ ይንገሩት።»

ሽማግሌው አፈር ብለው ወደ መካኒኩ ዞሩ። «ዛሬ መግል የለውም፣ ልጄ። ዳር ዳሩን ግን ያቃጥለኛል። ቀስ አርገህ እጠበኝ።»

መካኒኩ አፍንጫውን ሳይይዝ እግራቸውን ተቀበለ። ጠባቂው በሩን ይዞ እስክንጨርስ ቆመ።

ከወራት በኋላ መካኒኩ ክሊኒኩ በር ላይ ጠበቀኝ። ሰላም እንኳ ሳይለኝ «ቁስሉ እየጠገገ ነው» አለ። «ለአንድ የከሰላ ሹፌር አስረክቤ ነው የወጣሁ። እሳቸው ራሳቸው ነገሩት።»

እዚያው ክሊኒክ ነኝ። ነርሶቹ ዛሬም በሻይ ይረካከባሉ፤ «ያንተ ነገር የት ይሠራል?» እያሉ ይስቁብኛል። የሚሠራበትን ቦታ አውቃለሁ። ሽማግሌው ይፈቱ አይፈቱ ግን አላውቅም፤ ጠዋት ሥራ ልጀምር እጄን ስታጠብ፣ ዛሬስ ማን ተረክቧቸው ይሆን እላለሁ።