ለአባዬ ሞተር የቀዳሁት ዘይት

ይህ ነገር የደረሰብኝ አምና በሴሚስተር እረፍት ላይ ነው። ያኔ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። እስካሁን አልረሳሁትም፤ ምክንያቱም በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደንግጬ አላውቅም። ደግሞ ጥፋቱ የማንም ሳይሆን የራሴ ነበር።

አባዬ የእንስሳት ሐኪም ነው። ቤታችን ጂንካ ነው፤ የእሱ ሥራ ግን ገጠር ለገጠር ነው። የክትባቱን ሳጥን ከሞተሩ ኋላ አስሮ ፍየልና ከብት ወዳለበት ይሄዳል። ሞተሩ ጠንካራ ነው፣ የጉድጓዱን ምት የሚያበርደው የፊት ሾኩ ብቻ አርጅቶ ነበር። ፍሬን ሲያዝ ልክ ውኃ እንደሚጠጣ በሬ በአፍንጫው ይደፋል። አንድ ቀን ቁልቁለት ላይ እንደዚያ ተደፍቶ አባዬን ጣለውና ትከሻው ተጎዳ። ለወር ያህል ሸሚዙን የምትቆልፍለት እማዬ ነበረች።

እማዬ ያን ጊዜ አልጮኸችም። ቁልፉን እየቆለፈችለት በቀስታ እንዲህ አለችው፤ "ትርፍ ትከሻ የለህም። ሁለተኛ አንድ ነገር ከሆንክ ሞተሩ ይሸጣል፣ አንተም ቢሮ ትቀመጣለህ።"

እማዬ አንዴ ካለች አለች ነው። አባዬ ደግሞ ቢሮ ተቀመጥ ከሚሉት ቢያስሩት ይሻለዋል።

ስለዚህ ከአርባ ምንጭ በጓደኛው በኩል ጠንከር ያሉ አዳዲስ ስፕሪንጎችና አንድ ጣሳ የሾክ ዘይት አስመጣ። ቅዳሜ ጠዋት ግቢያችን ውስጥ ሁለታችን ሥራውን ጀመርን። የድሮውን ዘይት ስንደፋው እንደ ጭቃ ጠቁሮ፣ የበሰበሰ ዓሣ ይሸታል። አባዬ አዲሱን ዘይት ለከብት መድኃኒት በሚወጋበት ትልቁ ስሪንጅ እየለካ በሾኩ ግራና ቀኝ እግር እኩል ጨመረ። ያኔ ስልኩ ጮኸ። "ቤቲዬ፣ ስፕሪንጎቹን ክተቺያቸው፣ መጣሁ" ብሎ ወደ ውስጥ ገባ።

እኔ በግራው እግር ቀዳዳ አጎንብሼ አየሁ። ዘይቱ እታች ርቆ ጠፍቷል። ጣሳው ውስጥ ግን ገና ብዙ ቀርቷል። እኛ ቤት ለእንግዳ ሲቀዳ ብርጭቆው እስኪፈስ ነው የሚቀዳው፤ አጉድለሽ ከቀዳሽ እማዬ በዓይኗ ነው የምትገድልሽ። ይሄን ሁሉ መንገድ ለሚሄድ ሞተር መሰሰት ነውር መሰለኝ። ዘይቱ ከላይ እስኪታየኝ ድረስ አንቆረቆርኩለት! ስፕሪንጉን ስከት ገንፍሎ ፈሰሰ፤ በጨርቅ ጠረግሁት። ጣሳው ስላለቀ ለቀኙ አልደረሰውም። አባዬ ተመልሶ ክዳኖቹን አጠበቀ። ምንም አልነገርኩትም፤ የሚነገር ነገር መሆኑንም አላወቅሁም።

ሰኞ ካኮ አካባቢ ክትባት ነበረው። እማዬ ጠርታኝ "አብረሽው ሂጂ" አለችኝ። "አንቺ ከኋላ ካለሽ ቀስ ይላል። ደግሞ ሁሉን እያየሽ ትነግሪኛለሽ፤ እሱ ደህና ነው ከማለት ሌላ አያውቅም።"

አስፋልቱ ላይ ደስ ሲል! ሞተሩ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። አባዬ ሆን ብሎ ፍሬን ያዝ ያደርግና "አየሽ? ተደፋ?" ይለኛል። "ኧረ ንቅንቅም አላለ!" እለዋለሁ። በሥራችን ኮራሁ።

ከአስፋልቱ ወጥተን ኮረኮንቹ ፒስታ ላይ ስንገባ ነገሩ ተለወጠ። ጉድጓድ በገባን ቁጥር የፊት ሾኩ እንደ ግንድ "ጓ!" ይላል። ጥርሴ ተጋጨ። አባዬ "አዲስ ስለሆነ ነው፣ ሲሠራ ይለሰልሳል" አለ። አንድ ትልቅ ጉድጓድ ላይ ከበፊቱ ሁሉ የባሰ ድምፅ ተሰማ። ከዚያ ቁልቁለቱ መጣ። አባዬ የፊት ፍሬን ያዘ፤ ሞተሩ ግን አልሰማም።

 የአባዬ ጀርባ ድርቅ አለ። ማርሽ ቀነሰ፣ የኋላውን ፍሬን ረገጠ፣ እየተንሸራተትን መንገዱ ዳር ካለ የአሸዋ ክምር ውስጥ ገብተን ቆምን። አልወደቅንም።  ወርደን አየን፤ በግራው እግር ላይ ዘይት ወርዶ የፍሬኑን ዲስክ አጥቦታል።

"ዘይቱን የሚይዘው ጎማ ለቀቀ። ስፕሪንጉ አልሆነም መሰለኝ" አለ አባዬ በተሰበረ ድምፅ። የሚያየው ሞተሩን አልነበረም፤ ቢሮውን ነበር። እኔ ገንፍሎ በጨርቅ የጠረግሁት ዘይት ትዝ አለኝ።

በዚህ መሀል መስተዋቱ ላይ ዶቃ ያንጠለጠለ ሞተር ከቁልቁለቱ ሥር ብቅ አለ። ነጂው በዶቃ የተጌጠ የበና ብሔረሰብ ወጣት ነው። አልፎን ሄዶ ተመለሰ። ስሙ ኦይታ እንደሆነ በኋላ ነው ያወቅነው።

"ዶክተር፣ እግሩ ታመመ?" አለ።

መልስ ሳይጠብቅ መሪውን ይዞ በደረቱ ተጫነው፤ ጆሮውን አስጠግቶ ደገመ። "ቀኙ ይወርዳል። ግራው እምቢ ይላል።" ቀና አለ። "ማነው ዘይት የቀዳ?"

አባዬ "እኔ ነኝ፣ ለክቼ" አለ።

 "አባዬ፣ አንተ ስልክ ስታወራ እኔ ጨምሬበታለሁ።"

"ስንት?"

"የቀረውን ሁሉ።"

 ኦይታ መሬት ላይ ቁጭ እስኪል ሳቀ። "ሞተሩ እንግዳ መሰለሽ? አንቺ ልጅ፣ ይሄ ዘይት ብቻ አይበላም፣ አየርም ይበላል። ሰው እስከ አንገቱ ጠግቦ ይሮጣል? በአፉ ይወጣል እንጂ!"

ከዚያ ሥራ ተጀመረ። ሞተሩን ድንጋይ ላይ አስደግፈው ስፕሪንጎቹን አወጡ። ኦይታ ቀጭን እንጨት ልጦ የቀኙ እግር ውስጥ ነከረና ዘይቱ የደረሰበትን በጥፍሩ ምልክት አደረገ። አባዬ ግራውን በስሪንጁ እየሳበ ከምልክቱ ጋር አስተካከለው። የተረፈውን በላስቲክ ጠርሙስ አጠራቀምን። ኦይታ ከሌላ ጠርሙስ ቀጭን ቁራጭ ቆርጦ፣ ዘይቱን በሚይዘው ጎማና በብረቱ መሀል ሰክቶ ዙሪያውን አዞረው፤ አሸዋ ይዞ ወጣ። "ጎማው አልተቀደደም። ዘይቱ ሲገፋው የመንገዱ አሸዋ ገብቶ ነው የከፈተው" አለ። እኔ ሻሼን ፈትቼ በቤንዚን እያራስኩ ዲስኩን አጸዳሁ። ሻሼን ማንም አልጠየቀኝም፤ ራሴ ነኝ።

ኦይታ ገንዘብ አልወስድም አለ። የተረፈውን ዘይት ለራሱ ሞተር ወሰደ፣ አባዬም የኦይታን የምታስል ፍየል መንገዳችን ላይ አይቶ መድኃኒት ሰጣት። የክትባቱ በረዶ ሳይቀልጥ መንደሩ ደረስን። በዚያው መንገድ ስንመለስ ያ ጉድጓድ እንደ ፍራሽ ተቀበለን።

ጂንካ ልንገባ ስንል አባዬ "ለእማዬ የምትነግሪያትን አንቺ ታውቂያለሽ" አለኝ። ዋሺ አላለኝም። ባይለኝም ልዋሽ አስቤ ነበር፤ እውነቱን ነው የምጽፈው።

እማዬ በር ላይ ቆማ ነበር። "እህ፣ ምን አየሽ?"

ሁሉንም ነገርኳት። የቀዳሁትን፣ ፍሬኑ እምቢ ያለበትን፣ አሸዋውን፣ ኦይታን። ስጨርስ አለቀስኩ። እማዬ መጀመሪያ ትከሻዬንና ጉልበቴን ዳበሰች፣ ከዚያ አባዬን አየችው፣ ከዚያ ቀሚሷን ሰብስባ ሞተሩ ላይ ወጣች።

"ንዳ" አለችው። "ጉድጓድ ጉድጓዱን ምረጥልኝ። ስልህ ደግሞ ፍሬን ያዝ።"

እሷ ሞተር ላይ ስትወጣ አይቼ አላውቅም ነበር። በሰፈሩ መንገድ ወርደው እስኪጠፉ አየኋቸው። ስመኝ፣ ስጸልይ፣ ጥፍሬን ስበላ ቆየሁ። ሲመለሱ ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም። ወረደች፣ ቀሚሷን አራገፈች።

"በዚህ ሁሉ ጉድጓድ ላይ ነበር ሰውዬው በአሮጌው ሾክ የሚሄደው?" አለችኝ። "ወገቡ እስከ ዛሬ መቆየቱ ይገርማል። ይሄስ ደህና ነው፣ አይሸጥም።" ወደ ቤት እየገባች ደግሞ "ከዛሬ ወዲያ የጨመርሽውን ተናገሪ" አለች።

አባዬ አሁንም ገጠር ለገጠር ይዞራል። በቅርቡ ዘይቱን ስንቀይር ስሪንጁን ለኔ ሰጠኝና እሱ ዞር አለ፤ ለክቼ ጨመርኩ፣ እንጨት ነክሬ አየሁ፣ ልክ ነበር። ያን ቀን ሳስበው ዛሬም እደነግጣለሁ፣ ግን ወዲያው ሳቄ ይመጣል። ደስ የሚለኝ ሞተሩ መቅረቱ ብቻ አይደለም። እማዬ በር ላይ ስትጠይቅ እውነቱን የተናገረችው ያቺ ልጅ እኔ መሆኔ ነው።