ለአማቴ የቀነስኩላቸው ምቶች

እኔ ፈሪ ሰው ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው አንባቢ ኋላ ላይ እንዳይገረምብኝ ነው። እስራኤል አገር፣ ቤኤር ቱቪያ ውስጥ ባለ መጋዘን ፎርክሊፍት እነዳለሁ፤ ጣሪያ የሚደርስ ጭነት አንስቼ በጠባብ መተላለፊያ ስዞር እጄ አይንቀጠቀጥም። ከባለቤቴ አባት ፊት ስቀመጥ ግን ውሃ እንኳ ደህና አድርጌ አልውጥም። ከተጋባን አሥራ ስድስት ዓመታችን ነው፤ እሳቸው ባሉበት ማዕድ ጠግቤ የተነሳሁበትን ቀን አላስታውስም። አስተዳደጋችን ነው። አማት ይፈራል፣ አማት ይከበራል፣ አማት ሲናገር ቀና ተብሎ አይታይም። ቂርያት ማላኺ መኖሬ ይህን አላስተወኝም።

አማቴ የሚኖሩት ገደራ ነው። ከገደራ ወደ ያቭነ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከብርቱካን እርሻው ጀርባ፣ አንድ ትንሽ የጎልፍ ሜዳ አለ። ዘጠኝ ጉድጓድ ብቻ ስላለው ተጫዋቹ ሁለት ጊዜ ይዞረዋል። እሳቸው እዚያ ሃያ ዓመት ሙሉ ሣር አጭደዋል። ሣር ውስጥ የወደቀ የእጅ ሰዓት አግኝተዋል፣ ቀለበት አግኝተዋል፤ አንዱም ኪሳቸው ሳያድር ቢሮ ገብቷል። ጡረታ ሲወጡ ክለቡ ለእሳቸውና ለአንድ ዘመዳቸው የነፃ አባልነት ሰጣቸው። ሦስት ወንዶች ልጆች እያሏቸው እኔን መረጡ። «ልጆቼ ይጨቀጭቁኛል፤ አንተ ዝም ትላለህ» አሉኝ። ሙገሳ መስሎኝ ደስ አለኝ።

ጨዋታውን ለማያውቅ ትንሽ ላስረዳ። በጎልፍ ኳሷን ጉድጓድ እስክታስገባ ድረስ የመታሃት ሁሉ ይቆጠራል፤ ጥቂት የመታ ያሸንፋል። ሃንዲካፕ የሚሉት ቁጥር ለደካማ ተጫዋች የሚደረግ ምሕረት ነው። ሃንዲካፕህ ሃያ ከሆነ ከመታኸው ላይ ሃያ ይቀነስልሃል፤ ስለዚህ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ሰውየው ደካማ ነው። ክለቡ ለአዲስ አባል ቁጥር የሚያወጣው ከሦስት የውጤት ካርድ ነው። ካርድህን የሚሞላው ደግሞ አንተ ሳትሆን አብሮህ የሚጫወተው ሰው ነው፤ መጨረሻ ላይ ሁለታችሁም ትፈርሙበታላችሁ። በዚያ ዓመት ጨዋታው እየተጓተተ አባላቱ ስለተማረሩ፣ ለዓመታዊው የዋንጫ ውድድር ገደብ ወጣ። ሃንዲካፑ ከሃያ ስምንት የበለጠ አይመዘገብም።

አማቴ ያን ውድድር ይመኙት ነበር። ማሸነፉን አይደለም፣ መግባቱን። በየዓመቱ ለዚያ ቀን ሣሩን አስተካክለው፣ ባንዲራዎቹን ተክለው፣ ጨዋታው ሲጀመር ከማሽን ቤቱ ጥላ ሥር ሆነው ነው ያዩት። «አንዴ እንኳ ስሜ ሲጠራ ልስማ» ይሉ ነበር።

አርብ አርብ ጠዋት መጫወት ጀመርን። የእኔን ካርድ እሳቸው፣ የእሳቸውን እኔ ያዝን። በመጀመሪያው ጉድጓድ አማቴ ኳሷን አንዴ ቁጥቋጦ ውስጥ፣ ሁለቴ አሸዋ ውስጥ ከተቱ። በዘጠነኛው ምት ገባች። ላባቸውን ጠርገው ወደ እኔ ዞሩና «ስንት ሆነ?» አሉ።

ዘጠኝ ለማለት አፌን ከፈትኩ። እንዴት ብዬ ነው ለባለቤቴ አባት፣ በገዛ ሣራቸው ላይ፣ ዘጠኝ ጊዜ ተንገላቱ የምላቸው?

«ሰባት፣ አባ» አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። «ቤሰደር፣ እሺ ይሁን» ብለው ዱላቸውን ከረጢት ውስጥ ከተቱ። እኔም ሰባት ብዬ ጻፍኩ።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው። አንዴ ከተጀመረ በሁለተኛው ጉድጓድ ስምንቱን ስምንት ማለት የመጀመሪያውን ማጋለጥ መሰለኝ። በአብዛኛው ጉድጓድ አንድ፣ ሲብስም ሁለት እየቀነስኩ ሄድኩ። የሚገርመው፣ እሳቸው የእኔን ካርድ ሲሞሉ አንዲት ምት አልማሩኝም። አንድ ጊዜ ኳሷን በጫማዬ ጫፍ ነካሁና «ይቺም ትቆጠራለች ልጄ» ብለው ጨመሩብኝ። ሦስት አርብ እንዲህ አልፎ የእኔ ሃንዲካፕ ሠላሳ አራት ሆነ። የእሳቸው ሃያ ሰባት።

መልእክቱ በስልካቸው የደረሰ ቀን መጋዘን ድረስ ደወሉልኝ። «ገባሁ! ከገደቡ በአንድ ቁጥር ዝቅ ብዬ ገባሁ!» አሉ። ፎርክሊፍቱን አቁሜ ወረድኩና ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ያኔ ነው የሠራሁት ሥራ የገባኝ። በውድድሩ ቀን ካርዳቸውን የሚይዘው እኔ አይደለሁም። እኔማ ከነሠላሳ አራቴ ከገደቡ ውጪ ነኝ። የሚይዘው የማያውቃቸው ባዕድ ነው፤ ዘጠኙን ዘጠኝ ብሎ የሚጽፍ።

ውድድሩ አምስት ሳምንት ቀርቶታል። አማቴ ለምኩራቡ ሰው ነገሩ፣ ለጎረቤት ነገሩ፣ ያቭነ ሄደው ነጭ ሱሪ ገዙ። እኔ ሥራ ላይ ካርቶን ስቆጥር ይምታታብኛል፤ እንደገና እጀምራለሁ። አንድ አርብ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ አንድ አባል ለጓደኛው «ሃያ ዘጠኝ ነኝ፤ በአንዲት ቁጥር ከለከሉኝ» ሲል ሰማሁ። የሰውየውን ቦታ ከእጁ የነጠቅኩት ያህል ፊቴ ጋለና ጫማዬን ሳላስር ወጣሁ።

ለመናገር ሞከርኩ፤ አልሞከርኩም አልልም። አንድ ቅዳሜ ገደራ ሄደን ግቢያቸው ውስጥ ብቻችንን ስንቀር «አባ፣ ጉልበትዎ እንዴት ነው? ውድድሩ አይከብድዎትም?» አልኳቸው። በጉልበት አሳብበው ቢቀሩ ሁላችንም እንድናለን ብዬ ነው። «ጉልበቴ እንደ ጎረምሳ ነው» አሉና ተነስተው ዱላ የሌለበት ምት አሳዩኝ። ባለቤቴ ከበሩ ላይ ሆና ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ወደ ቤት ስንመለስ ግን አሽዶድ መታጠፊያው ጋ መኪናዬን አቁሜ አየር ሳብኩ።

ቀኑ ደረሰ። ከረጢታቸውን ልሸከምላቸው አብሬ ገባሁ፤ ይህ ይፈቀዳል። ስማቸው በድምፅ ማጉያ ሲጠራ ነጩን ሱሪያቸውን አራገፉና አንገታቸውን ቀና አድርገው ወጡ። አብረዋቸው የተመደቡት ከያቭነ የመጡ ጡረተኛ የጥርስ ሐኪም ነበሩ፤ ትሑት፣ ጨዋ ሰው። የመጀመሪያው ጉድጓድ ሲያልቅ የጥርስ ሐኪሙ ካርዱን አወጡና በዕብራይስጥ «ዘጠኝ፣ ልክ ነኝ?» ብለው በትሕትና ጠየቁ። አማቴ «ዘጠኝ» ብለው መለሱ። ድምፃቸው አልተለወጠም። እኔ መሬቱን አየሁ።

በሁለተኛው ስምንት። በሦስተኛው አሥር። ከኋላ ያሉት ተጫዋቾች ዱላቸውን ተደግፈው መጠበቅ ጀመሩ። በእያንዳንዱ ጉድጓድ የጥርስ ሐኪሙ ይጠይቃሉ፣ አማቴ ይመልሳሉ፤ እኔ የእሳቸው ከረጢት ማሰሪያ ትከሻዬን እየቆረጠኝ ከኋላ እከተላለሁ። ሲያልቅ ድምሩ መቶ ሃያ ሁለት ሆነ። ሃያ ሰባት ሃንዲካፕ ያለው ሰው ቀን ቢከፋበት እንኳ ከመቶ አሥር ብዙም አያልፍም። ያ በአንድ ቁጥር የተከለከለው አባል ውጤቱን ሰሌዳው ላይ ባየ ጊዜ ቀጥታ ወደ ቢሮ ነው የሄደው።

ወዲያው አስጠሩን። የሜዳው ጸሐፊ ሴትዮ አማቴን ከሥራ ዘመናቸው ጀምራ ታውቃቸዋለች። ከጎኗ ሁለት የኮሚቴ ሰዎች ተቀምጠዋል። ሦስቱን የአርብ ካርዶች ጠረጴዛው ላይ ደረደረች፤ መቶ አንድ፣ መቶ አራት፣ መቶ ሁለት ይላሉ። «ይህ ያንተ ጽሕፈት ነው?» አለችኝ።

«አዎ» አልኩ። ልናገር ነበር፤ በልጆቼ እምላለሁ፣ ልናገር ነበር። ግን አማቴ ቀደሙኝ። በዚያ በተሰባበረ ዕብራይስጣቸው «ቁጥሩን የነገርኩት እኔ ነኝ። እሱ ያልኩትን ጻፈ። ትክክለኛው መቶ አሥራ ስድስት፣ መቶ ሃያ አንድ፣ መቶ አሥራ ስምንት ነው። አስተካክሉት» አሉ።

ሦስቱም ቁጥር ልክ ነበር። ከመጀመሪያው ጉድጓድ ጀምሮ፣ ያንን «ሰባት» ስላቸው ጀምሮ፣ ሁሉንም ቆጥረዋል።

ጸሐፊዋ ካርዶቹን ሰብስባ ወደ አማቴ ዞረች። «ከእርስዎ አልጠበቅንም ነበር» አለቻቸው። ውጤቱ ተሰረዘ፤ ለአንድ ዓመት ከውድድር ታገዱ፤ ሃንዲካፓቸው የሐሰት ካርድ በማስገባታቸው እንደተሻረ የሚገልጽ ወረቀት ሰሌዳው ላይ ተለጠፈ። እኔን ማንም ምንም አላለኝም። እዚያች ወንበር ላይ ተቀምጬ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ብናገር አማቴን በሦስት ሰው ፊት ዋሹ ማለቴ ነው፤ ዝም ብል ደግሞ አንገታቸውን ማስደፋቴ ነው። ሁለቱንም ፈራሁ፤ ዝም ማለቱ ስለቀለለኝ ዝም አልኩ። እውነቱ ይኸው ነው።

እስከ ገደራ ያለው መንገድ አሥር ደቂቃ ነው። ሊያልቅ ሲል «አባ፣ ካወቁ ለምን አልነገሩኝም?» አልኩ። ድምፄ የእኔ አይመስልም።

«ምን ብዬ?» አሉ መንገዱን እያዩ። «አንተ ለእኔ ክብር ብለህ ቀነስክ። ዋሸህ ብልህ ዓይንህን የት ታደርገዋለህ? ዛሬ ይተዋል፣ ነገ ይተዋል እያልኩ ቆየሁ። ደግሞም አልዋሽህም፣ ልጄ፤ መግባቱንም ፈልጌው ነበር።»

«ነገ ሄጄ እኔ ነኝ እላቸዋለሁ።»

«አትልም» አሉ። ያን ያህል ቆጥተው ሰምቻቸው አላውቅም። «እኔ የተናገርኩትን አንተ ሐሰት ነው ልትል ነው? ዛሬ የአንድ ውሸት ሰው ተብዬ ወጣሁ፤ ነገ የሁለት ልታስብለኝ?»

ቤታቸው በር ላይ አወረድኳቸው። ከረጢቱን ልይዝላቸው ስል ከእጄ ወሰዱት። እገዳው ካበቃ ቆይቷል፤ እሳቸው ግን ወደ ሜዳው አልተመለሱም። የቀድሞ የሥራ ጓደኞቻቸው ገበያ ላይ ሲያገኟቸው ሰላምታው አጭር ሆኗል ይላሉ የባለቤቴ ወንድሞች። ልጆቻቸው ጭምር አባታችን በስተርጅና ለአንድ ዋንጫ ብሎ አጭበረበረ ብለው ያምናሉ። አንዱ እኔ ፊት ቀለደበት፤ እኔም ፈገግ አልኩ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። በራሱ ሲጠራ ግን አላየሁም፤ የሚናገር ሰው ይፈልጋል። በአፌ አቃተኝና በእጄ ጻፍኩት። ድፍረቱን ያገኘሁት አማቴ ከቁጥር በቀር ማንበብ ስለማይችሉ ነው፤ ይህንንም አልደብቅም። ግን ወረቀቱን ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ረስቼ ሥራ ሄድኩ፤ ስመለስ ባለቤቴ ፊቱ ተቀምጣ አገኘኋት። ዓይኗ ቀልቷል። «ለአባቴና ለወንድሞቼ የምታነበው አንተ ነህ ወይስ እኔ?» አለችኝ።

አርብ ገደራ እንሄዳለን። እኔ ነኝ ብያታለሁ፤ ዛሬ ረቡዕ ነው፣ እህልም አልወርድልህ ብሎኛል።