ፍሪሲዮኑ ለማን እግር ነው?

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ዊንተሩ ሊገባ ሲል ነው። የመኪና ፍሪሲዮን መቀየር ሰው ቁም ነገር ብሎ የሚያስታውሰው ጉዳይ አይደለም። እኔ ግን የዚያን ቀን ጠዋት ከአባቴ ጋር ከጋራዥ ወጥተን፣ በባስ ቤት የገባንበትን አልረሳውም።

የምንኖረው ሬክስዴል የሚባል የቶሮንቶ ሰፈር ነው። አባዬ ቶሮንቶ ከመጣ ጀምሮ ለረጅም ጊዜ መጋዘን ሠርቷል። በኋላ አሮጌ ፎር ዊል ድራይቭ ፒክአፕ ገዛና ከፊቷ የበረዶ መግፊያ አስገጠመላት። በረዶ ሲጥል ማለዳ እየወጣ የሰፈሩን ሱቆች ፓርኪንግ ይጠርጋል። መኪናዋ ማንዋል ናት። ሰው "አውቶማቲክ ለምን አትገዛም?" ሲለው፣ "እግሬ ሥራ ይፈታል" ይላል።

ስፕሪንግ ላይ ስትሮክ መታው። ንግግሩ ቶሎ ተመለሰ፤ ግራ እግሩ ግን እንደ ድሮው አልሆነለትም። ሰመሩን ሙሉ ፊዚዮቴራፒ ተመላለሰ። ሐኪሙ መንዳት ገና አልፈቀደለትም። እሱ ግን "በረዶው ሳይመጣ እድናለሁ" ይል ነበር። እስከዚያው ሥራውን እኔ ልይዝለት ተስማማን።

መኪናዋን ላዘጋጅ ብዬ ሳወጣት ሞተሩ ይጮኻል እንጂ እሷ አትሄድም። ፍሪሲዮኑ አልቋል። አስጎትተን ሰፈራችን ወዳለው ብሩክ የሚባል አበሻ መካኒክ ወሰድናት። በማግስቱ ደወለልኝ።

"ሁለት ዓይነት አለ" አለኝ። "አንዱ መጀመሪያ እንደነበረው ነው፤ ፔዳሉ ለስላሳ ነው። ግን በረዶ እየገፋሽ ወደፊት ወደኋላ ስትዪ ቶሎ ይበላል። ሌላው ሄቪ ዱቲ ነው። እሱ ይቆያል፣ ፔዳሉ ግን ጠንካራ ነው። ማን ነው የሚነዳት?"

ጠንካራውን ካልኩ፣ አባዬን ከእንግዲህ አትነዳም ማለቴ ነው። ለስላሳውን ካልኩ ደግሞ በዊንተሩ መሃል ልቆም ነው፤ ደንበኞቹም ሌላ ሰው ይፈልጋሉ። "መልሼ ኮል ላድርግልህ" ብዬ ዘጋሁት።

ለአባዬ ስነግረው ጃኬቱን አነሳ።

"እንሂድ። ሳልረግጠው አልመርጥም።"

ጋራዡ ስንደርስ ብሩክ ግራ ገባው። "ጋሼ፣ መኪናዎ እኮ ተፈትታ ነው ያለችው። ምኑን ይረግጣሉ?"

ጎማ አስቀይራ መኪናዋን ልትወስድ የመጣች አንዲት ጠና ያለች ጃማይካዊት እዚያው ቆማ ነበር። ምን እንደሆነ ጠየቀችኝና ነገርኳት። የእሷም ፒክአፕ የእኛው ዓይነት ናት። ተጎታች ስለምትጎትት ጠንካራውን ፍሪሲዮን ካስገባች ቆይታለች። ለአባዬ የመኪናዋን በር ከፈተችለት።

"ሞተሩን ሳታስነሳ ሞክረው" አለችው።

አባዬ ገባ። ግራ እግሩን በእጁ አንስቶ ፔዳሉ ላይ አስቀመጠና ረገጠ። እስከ ታች ወረደለት። ብሩክ አጨበጨበ። የእኔ ዓይን እንባ አቀረረ።

ሴትዮዋ ግን ጎንበስ ብላ፣ "አሁን ቀስ እያልክ ልቀቀው" አለችው።

ማንዋል የነዳ ሰው ያውቀዋል። ጭንቁ መርገጡ ሳይሆን አለቃቀቁ ነው። የአባዬ እግር መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ፔዳሉ አመለጠውና ጓ ብሎ ተመለሰ። ደግሞ ሞከረ። አመለጠው። ደግሞ ሞከረ። ብሩክ ጎንበስ ብሎ መሬት መሬቱን ያይ ጀመር። እኔ ሮጬ በተገላገልኩ አልኩ።

ሴትዮዋ በወዲያኛው በር ገብታ አጠገቡ ተቀመጠች። ስልኳ ሲጮህ አጠፋችው። "አልቸኩልም" ስትለው ሰማሁ፤ ከዚያ በሮቹን ዘጉ። ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ አባዬም ነግሮኝ አያውቅም። በመስታወቱ የማየው ሁለቱም ወደፊት እያዩ ሲያወሩ ነው። አንድ ጊዜ ሳቁ።

ሲወጣ ፊቱ ረጋ ብሏል። "ነይ፣ ግቢ" አለኝ።

ገባሁ። በሩን ይዞ ከጎኔ ቆመ። "እርገጪ። አሁን ተረከዝሽን አሳርፊና ልቀቂ። ቀስ… ቀስ አልኩሽ እኮ!"

ከበደኝ፤ ግን አላመለጠኝም።

"ጭንሽን ያምሻል፤ ይለመዳል" አለና ወደ ብሩክ ዞረ። "ጠንካራውን አስገባላት።"

ለመኪናዋ ይሁን ለእኔ ማለቱ አልጠየቅኩትም።

"ሲሻልዎት ለስላሳውን እንመልሰዋለን፣ ጋሼ" አለ ብሩክ።

"ያኔ እናያለን" አለ አባዬ፤ ድምፁ አልተሰበረም።

ከመኪናዋ ወርጄ ከብሩክ ጋር ሂሳቡን ተነጋግሬ ሴትዮዋን ላመሰግናት ስዞር፣ መኪናዋን ይዛ ሄዳለች። ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም። እኔና ብሩክ ብንሆን "ጎበዝ" ብለን እናወርደው ነበር። እሷ እውነቱን አሳየችው፤ ግን ብቻውን አልተወችውም። ሰውን እንዲህ ማክበርም እንዳለ አላውቅም ነበር።

አባዬ አሁንም ፊዚዮቴራፒውን አላቋረጠም። በረዶ ሲጥል ሻዩን በፔርሙስ ይዞ ከጎኔ ይቀመጣል፤ የትኛው ጥግ በረዶ እንደሚያከማች፣ የቱ ጋ ጉድጓድ እንዳለ ያሳየኛል። መንዳቴን በተመለከተ ግን ምንም አይለኝም። ማርሽ ልቀይር ስረግጥ ብቻ የእሱም ግራ እግር ወለሉን ይረግጣል። ስለቅ፣ እሱም ቀስ እያለ ይለቃል። መጀመሪያ ሳየው ከፍቶኝ ነበር። አሁን ደስ ይለኛል። አይቼ እንዳላየሁ ሆኜ እነዳለሁ።